ዕቃውን ያወረድንበት መንገድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መቅደስ ደወለችልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ባንዱ ስማዳ ወርዶ ሰርግ እንዲያጫውት ተጠርቷል፤ እሷ ደግሞ ከከተማ ወጥታ ስትሠራ ገና የመጀመሪያዋ ነው። ምን ይዤ ልሂድ፣ ምንስ ልጠንቀቅ ብላ ጠየቀችኝ።

ምክር ሲጠየቅ ደስ የማይለው ሽማግሌ አላየሁም፣ እኔም ብዙ አወራሁላት። ትርፍ ገመድ ያዢ አልኳት፤ ትርፍ ክርም ያዢ፣ በተለይ ወፍራሙን፣ አይበጠስም ብሎ ሰው የሚረሳው እሱን ነውና። የጊታሩ ማንገቻ ሰፊ ይሁን፤ ቤዝ ከባድ ነው፣ ቀጭን ማንገቻ ከቀትር በኋላ ትከሻ ይቆርጣል። እዚያ ጋይንት ላይ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቀን ፀሐዩ ያነድዳል፤ ስለዚህ እንደ ደረስሽ ለመቃኘት አትቸኩዪ፣ እንጨቱ አየሩን ይልመደው። ከጄኔሬተሩ ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ አለበለዚያ ጩኸቱ ገመድሽ ውስጥ ይገባል። ጠላውን ተቀበይ፣ ቅመሺው፣ ከዚያ ከእግርሽ ሥር አስቀምጪው። «እሺ አጎቴ» እያለች ሰማችኝና አመስግና ዘጋች። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ራሴ መጀመሪያ ወደ ስማዳ የሄድኩበት ቀን መጥቶብኝ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ጋሽ ይልማ የሚባሉ ኦርጋን ተጫዋች አነስተኛ ባንድ አቋቁመው በየሰርጉ ይሠሩ ነበር። ዘፋኟ ዘነበች ነበረች፤ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ መድረክ ላይ ካልሆነ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። ድራም የሚመታው በላይ ደግሞ መንገዱን በሙሉ ሲያስቀን የሚውል ሰው ነው። እኔ የገባሁት ቤዝ ይጫወት የነበረው ሰው አዲስ አበባ ሄዶ በመቅረቱ ነው። ጊታሩ የራሴ ነው፣ አምፕሊፋየሩ ግን የባንዱ ነው፤ እንድጠብቀው ተሰጥቶኝ ጠዋት ማታ እወለውለው ነበር። ያን አምፕሊፋየር እንደ ሰው ነበር የምወደው።

የጥር ወር ነው፣ ጥምቀት ያለፈ ሰሞን። ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ወዲህ ባለ አንድ መንደር አያ ዳምጤ የሚባሉ ባለጸጋ ገበሬ ልጃቸውን ሊድሩ እኛን ጠርተው፣ የሚያመጣንን አይሱዙም ራሳቸው ልከውልን ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጋሽ ይልማ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና ገቡ፤ እኛ ሦስታችን ከኋላ በስፒከሮቹና በጄኔሬተሩ መካከል ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ተቀመጥን። የጉና ብርድ ጆሯችንን ሲቆነጥጠን የሽምብራ ቆሎ ከኪሳችን እያወጣን እንቆረጥማለን። ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ገለባ ለብሷል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬዎች ገና ይዞራሉ። የገበያ ቀን ስለነበር አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ስንደርስ መንገዱ አህያና ሰው ሞልቶት መኪናው እግረኛ እየቀደመው ነው የወጣው። ሾፌሩ ረፈደብን እያለ ያጉረመርማል። አያ ዳምጤ በሰዓት ቀልድ እንደማያውቁ ቀድሞ ነግሮናል፤ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ከመድረሱ በፊት ሙዚቃው መጀመር አለበት።

ከአርብ ገበያ ወጥተን ብዙ ከተጓዝን በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ሰዎች ከፊታችን ብቅ አሉ። አራት ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመዋል። ከጎናቸው አንዲት አሮጊት ጥላ ይዘው ቃሬዛው ላይ የተኛችውን ሴት ከፀሐይ ይከልላሉ። ከፊት ፊት የሚሮጠው ባሏ ነበር፤ መኪናው ፊት መጥቶ ቆመ። ከትናንት ጀምሮ አምጣ ልጁ አልወጣላትም፣ አዋላጇንም አቅቷቸዋል፣ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች አትተርፍም አለ። ይህን ሲናገር ሾፌሩን እንኳ አላየውም፣ መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ኋላው በዕቃ ሞልቷል፣ ጋቢናው ቃሬዛ አይዝም፣ መኪናውም የአያ ዳምጤ አደራ ነው። ይህንኑ አስረዳ። ጋሽ ይልማ ወርደው ፀሐዩን አዩ፣ ዕቃውን አዩ። እኔም ዘልዬ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የማስበው ስለ ሰርጉ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራዬ እንዴት ሊሆን ነው እያልኩ።

ዘነበች ተነስታ ዕቃው የታሰረበትን ገመድ መፍታት ጀመረች። ማንንም አላስፈቀደችም። የመጀመሪያውን ዕቃ ወደ ጠርዙ ገፋችና ቁልቁል አየችኝ።

«ሙሉጌታ፣ ይህን ተቀበለኝ» አለች።

የእኔ አምፕሊፋየር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው እጁን ዘረጋ። ሾፌሩም ሳይቀር ስፒከር ተሸከመ። በጥድፊያ አምፕሊፋየሩን መንገድ ዳር ሳስቀምጠው በፊቱ በኩል ሾጠጥ ያለ ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ጨርቅ ሲቀደድ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብዬ ላየው ስል ግን ቃሬዛው እየተነሳ ስለነበር ሄጄ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ሴትዮዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ዓይኗ ብቻ ይታያል። እኛንና የምናወርደውን ዕቃ ታያለች። ብርድ ልብሶቻችንን ከሥሯ አነጠፍንላት። ባሏና አሮጊቷ አብረዋት ወጡ፤ አይሱዙው እንደ ምንም ብሎ ዞሮ ወደ መጣንበት ተመለሰ።

አቧራው ሲበተን ሜዳ ላይ ቀርተናል፤ እኛ፣ ቃሬዛ ይዘው የመጡት ጎልማሶችና የተቆለለ የሙዚቃ መሣሪያ። ጋሽ ይልማ ኮታቸውን አውልቀው ኦርጋኑን ከፀሐይ ሸፈኑበት፤ እሳቸው ከሁለቱ ጎልማሶች ጋር ዕቃውን እየጠበቁ መኪናውን ሊጠባበቁ፣ እኛ ደግሞ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር በአቋራጭ በእግር ልንሄድ ወሰኑ። ጊታሬን ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ላስቀምጥ ስል ከለከሉኝ።

«ጋሼ፣ ያለ መብራት ይህ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ሙዚቀኛ ሰርግ ቤት ባዶ እጁን አይገባም። ያዘው፤ እዚያ የምታደርገውን እዚያ ታውቃለህ።»

አቋራጩ ገደል ለገደል ነበር። የደረቀ ወንዝ ተሻግረን፣ የተነቀለ የሽምብራ ማሳ አቋርጠን ዳገት ወጣን። ማንገቻዬ ቀጭን ቆዳ ስለነበር ትከሻዬ ደም ቋጠረ፤ ዘነበች አይታ ጊታሩን ተቀበለችኝና የመጨረሻውን ዳገት እሷ ተሸክማ ወጣችው። በላይ እንኳ ቀልዱን ትቶ ነበር። ደርሰን ለአያ ዳምጤ ምን እንደምንላቸው ሁላችንም በየልባችን ስንቋጥር ስንፈታ ሄድን።

አያ ዳምጤ ዳሱ በር ላይ ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ረጅም፣ ጋቢያቸውን በወጉ የለበሱ ሰው ናቸው። መኪና ሲጠብቁ አቧራ የለበሱ እግረኞች መጡባቸው። ዘነበች ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ዕቃውን ያወረደችውም ራሷ እንደሆነች አልደበቀችም። ሴትዮዋ የማን ናት ብለው ጎልማሶቹን ጠየቁ። ከቆላው በኩል እንደመጡ ነገሯቸው፤ የማያውቋት ናት። አያ ዳምጤ ከበሩ ገለል አሉ።

«እንግዲያው መኪናዬ ዛሬ ደግ ሥራ ላይ ውላለች» አሉ። «ግቡ። እጃችሁን ታጠቡ፣ እህል ቅመሱ፣ ከዚያ የቻላችሁትን አድርጉ።»

ጎልማሶቹንም ከእኛ እኩል መሶብ ፊት አስቀመጧቸው።

በልተን ተነሳን። በላይ ከመንደሩ ሴቶች ከበሮ ተቀበለ። ዘነበች ያለ ማይክራፎን ዘፈነች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ዳሱ ሞቀ። እኔ ዳሱ ጥግ ላይ ተቀምጬ ክሮቹን እመታለሁ፣ ከራሴ በቀር ግን የሚሰማኝ የለም። ያለ አምፕሊፋየር የቤዝ ጊታር ድምፅ የዝንብ ያህል ነው። ባፍርም አላቆምኩም። መሀል ላይ ሰው ለጭፈራ ሲነሳ ወደ ግድግዳው ገፉኝና የጊታሩ ራስ ከኋላዬ ከነበረ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ጋር ተደገፈ። የሙሽሪት ሣጥን ነው፤ ልብሷ ገና አልገባበትም። ወፍራሙን ክር ስመታ ሣጥኑ ከሆዱ ውስጥ መለሰልኝ። ደነገጥኩ። እንደገና መታሁ። በላይ ከበሮውን እየመታ ዞር ብሎ አየኝና ምቱን ዝግ አደረገልኝ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። በአጠገቤ ያሉት ነበሩ የሚሰሙት፤ ይልቁንም በእግራቸው ሥር የሚያገኙት። ጣቴን ባፈጠንኩ ቁጥር ድምፁ ይደበላለቃል። ስለዚህ የተማርኩትን ማሳመሪያ ሁሉ ትቼ ዘፈኑ የሚያርፍባትን ድምፅ ብቻ መታሁ። መቼ እንደምመታ ለማወቅ የዘነበችን ትከሻ አየሁ፤ ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ ይላል፣ ቃሉን ስታወጣ እኔም አብሬያት እወርዳለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስጫወት የማየው የራሴን ጣት ነበር። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲገባ ዳሱ ሁሉ ትከሻውን እየነቀነቀ ተቀበለው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አይሱዙው ጋሽ ይልማንና ዕቃውን ይዞ መጣ። ሾፌሩ ገና ሳይወርድ ከበብነው። ሴትዮዋ አርብ ገበያ ሳይደርሱ መኪናው ላይ፣ ብርድ ልብሶቻችን ላይ ወልዳለች፤ ደም ቢበዛባትም ጤና ጣቢያ ተቀብለዋታል። ልጁ አልቅሷል አለ ሾፌሩ። ከዚያ በላይ አያውቅም። ዘነበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ጥቂት ቆመች፣ ከዚያ ማይክራፎኑን ልትተክል ሄደች። ጄኔሬተሩ ተነሳ። የአምፕሊፋየሬ ስፒከር ግን ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ነበር፤ ጊታሬን በኦርጋኑ ማጉያ በኩል አስገባሁት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ። ሕዝቡ የትልልቆቹን ስፒከሮች ድምፅ በጣም ወደደው። ሣጥኑ ይሻል ነበር ያለኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ስንመለስ ዘነበች አርብ ገበያ ላይ መኪናውን አስቆመች። ከሰርጉ ቤት ድፎ ዳቦና ቅቤ ቋጥራ ነበር። እኔም ተከትያት ጤና ጣቢያው ገባሁ። ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ልጁ ከጎኗ ተጠቅልሏል። ዘነበች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ አላወቀችንም። ቆይታ እኔን አየችኝ፣ በትከሻዬ ያለውን ጊታር አየች።

«ዕቃ ስታወርዱ አይቻችኋለሁ» አለች ድምፅዋ ተቆራርጦ። «የተሰበረባችሁ ነገር አለ?»

ዘነበች ወደ እኔ ዞረች።

«ምንም አልተሰበረም» አልኩ።

ሴትዮዋ እፎይ አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ስሟን አልጠየቅንም፤ የልጁንም ክርስትና ስም አላወቅንም። ያ ልጅ ካደገ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ምናልባትም እኔ በተጫወትኩበት አንዱ ሰርግ ላይ ጨፍሮ ይሆናል፣ አላውቅም። ዘነበች ዘፈን ትታ ከባሏ ጋር ደሴ ገባች፤ ጋሽ ይልማን ቀብረናቸዋል። እኔ ከዚያ በኋላ ትልልቅ መድረክ ላይ ቆሜአለሁ፣ ብዙ ሰውም አጨብጭቦልኛል። አንዳንድ ማታ ጭብጨባውን ሰምቼ ቤቴ ስገባ ግን ትዝ የምትለኝ ያቺ ሴት ናት፤ ከሞት አፋፍ በተመለሰች በማግስቱ፣ ልጇን አጠገቧ አስተኝታ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ዕቃ የተጨነቀችው።