«ምንም አልል» የሚባልበት የማርፍሊት ቤት

ሎሬን ማርፍሊት ጎረቤቴ ናት። ቤቶቻችንን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሷ ሳል ሲይዛት እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። እንዲህ ተጠጋግተን ስንኖር ግን «ደክሞኛል» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «እንዴት ነሽ?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ «ምንም አልል።»

ይህን መልስ የወረሰችው ከአባቷ ከዊልፍ ነው። ዊልፍ ዕድሜውን ሙሉ በወደቡ ገበያ ዓሣ ሲበልት የኖረ ሰው ነው። አንድ ክረምት ቢላው የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ሲወስድበት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ አውቶቡስ ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲለው «ምንም አልል» ብሎ መለሰ። በእኛ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይህ ጨዋነት ነው። እዚሁ ተወልጄ ባድግም እኔ ግን ድንቁርና ነው እላለሁ።

ሎሬን እናቷ እስክትሞት ድረስ የራሷ ኑሮ ነበራት። ከጥብስ ዓሣ ቤቱ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ዓሣ በሚያሽገው ፋብሪካ እየሠራች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢንጎ እየተጫወተች ትኖር ነበር። ለቀብሩ ብላ አባቷ ቤት ገባች፤ በዚያው ቀረች። አባትየው መርሳት ሲጀምር ፋብሪካውን ተወች፤ ክፍሏንም ለቀቀች። ወንድም የለ፣ እህት የለ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ነይ አብረን እንኑር» ብሏት ነበር። «ለአባዬ ማን ያበስልለታል?» አለችው። ሾፌሩ ሌላ አግብቶ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል።

አገሩ ሁሉ የሚያወራው፣ ሲደርስበት ግን ማንም የማይገባው አንድ ደንብ አለ። ሽማግሌ ራሱን መርዳት አቅቶት መጦሪያ ቤት ሲገባ ማን ይከፍላል? ችግሩ በዋናነት ሕመም ነው ከተባለ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሙሉውን ይሸፍናል፤ ጥሪትህን የሚጠይቅህ የለም። ማጠብና ማልበስ ነው፣ እርጅና ነው ከተባለ ግን ጉዳዩ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ መጀመሪያ ኪስህን፣ ቀጥሎ ቤትህን ያያል። ያለው ይከፍላል፤ የሌለው ይከፈልለታል። ዊልፍ ካለችው ትንሽ ቁጠባ ሌላ ያለው ነገር ያቺ ቤት ናት። ሎሬንም ያላት መጠለያ ያቺው ናት። እንግዲህ የጤና አገልግሎቷ ነርስ መጥታ ስለ ዊልፍ ሕመም የምትጽፈው ነገር ሎሬን ነገ ጣሪያ ይኖራት እንደሆነና እንዳልሆነ ይወስናል ማለት ነው።

ነርሷ የምትመጣበት ቀን ሲደርስ ሎሬን ምን አደረገች? ቤቱን አጸዳች! መጋረጃ አጠበች። የረጠበውን ፍራሽ ጓሮ አውጥታ ሸራ አለበሰችው፤ ፖፖውን ደረጃው ሥር ደበቀችው። አባቷን ጺሙን ላጭታ ክራባት አሰረችለት። ሻይ እንድቀዳ ጠርታኝ ስገባ ዊልፍ የሚዳር ሙሽራ መስሎ ተቀምጧል።

«ሎሬን፣ እንግዳ ነው እንዴ የምትቀበይው? ሴትዮዋ እኮ የምትመጣው ችግራችሁን ልታይ ነው» አልኳት።

«እና ቤቱ ይሽተት? ሰው ምን ይለናል?»

ነርሷ ሂላሪ የምትባል ፈገግታ የማያልቅባት ሴት ናት። ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጀመረች።

«ዊልፍ ብዬ ብጠራዎት ይከፋዎታል?»

«ከዚህ የባሰም ተብያለሁ።»

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ምንም አልል።»

«እንቅልፍስ?»

«አንዴ ከተኛሁ ነጋ ማለት ነው።»

በዋዜማው ሌሊት ወደ ዓሣ ገበያ ልሂድ ብሎ በሩን ሲደበድብ በግድግዳው ሰምቼዋለሁ።

«ምግብ ማን ነው የሚያበስለው?»

«እኔ ነኛ! እሷማ ዓሣ ማሳረር ብቻ ነው የምታውቀው።»

ነርሷ ከልቧ ሳቀች። የኤሌክትሪኩን ማንቆርቆሪያ ጋዝ ምድጃ ላይ ጥዶ ካቀለጠው ወዲህ ዊልፍ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ሎሬን በጫማዋ እግሬን ረገጠችኝ።

«እርስዎስ ሎሬን፣ እንዴት እየተወጡት ነው?» አለች ነርሷ።

«ምንም አልል።»

ነርሷ ክፉ ሰው አይደለችም። የነገሯትን ጻፈች። መልሱም የሚጠበቀው ነበር፦ አቶ ማርፍሊት መጠነኛ ድጋፍ ይበቃቸዋል፤ የጤና አገልግሎቱ አይከፍልም።

ወር ሳይሞላ ዊልፍ መታጠቢያ ቤት ወደቀ። ሎሬን ላንሳው ስትል የራሷ ወገብ ተቀጨ። ሁለቱንም ወለል ላይ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቤት መመለስ አይችልም ተባለና ኮረብታው ላይ ያለው መጦሪያ ቤት ገባ። የቦታው የአንድ ሳምንት ክፍያ ሎሬን በፋብሪካው ዘመኗ በወር ከምታገኘው ይበልጣል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ መጥቶ ሁሉንም በትሕትና አስረዳት። ቤቱ ዛሬውኑ አይሸጥም፤ ሂሳቡ በቤቱ ላይ እየተጠራቀመ ይቆያል፤ አባቷ ሲያልፉ ቤቱ ተሸጦ ዕዳው ይከፈላል።

«እኔስ?» አለች ሎሬን።

«አባትዎ መጦሪያ ሲገቡ ስልሳ ዓመት ሞልቶዎት ቢሆን ኖሮ ቤቱ ከሂሳብ አይገባም ነበር። እርስዎ ግን ሃምሳ ስምንት ነዎት።»

«ይቅርታ፣ ቶሎ ማርጀት ነበረብኝ» አለችው።

ሰውዬው ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ግራ ገባው። እኔም ሴት ልጅ ዕድሜዋ አንሶባት ስትቸገር ያየሁት ያን ቀን ነው። ለአስታማሚ ልጅ ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ፈቃድ ቤቱን ሊተውላት እንደሚችልም ነግሮን ነበር። ጠየቅን፤ ፈቃዳቸው አልሆነም። ያን ምሽት ንዴቴ ገንፍሎ ሎሬን ላይ ጮኽኩ፦

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? እንደገና ይታይልኝ በይ! እውነቱን ንገሪያቸው!»

«አባዬ ፊት? ገበያው ሁሉ ባርኔጣውን ያነሳለት የነበረ ሰው እኮ ነው። እሱ ፊት ቁጭ ብዬ ስለ ሽንቱ ላውራ?»

«ታዲያ መንገድ ላይ ልታድሪ ነው?»

የሻይ ስኒዎቹን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። እኔም አልቻልኩም፤ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። በማግሥቱ ግን አቤቱታውን ጽፋ አገኘኋት።

ሂላሪ እንደገና መጣች፤ አሁን መጦሪያ ቤቱ ድረስ። ሎሬን «እባክዎ እሱ በሌለበት እናውራ» ብላ ለመነቻት። ሂላሪ ዊልፍን «መቆየት ይፈልጋሉ ወይስ መውጣት?» ብላ ጠየቀችው፤ ጉዳዩ የእሱ ነውና መብቱ ነው። እሱ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ አያውቅም። «እቀመጣለሁ፤ ብስኩት አለ አይደል?» አለ። እናም ተቀመጠ፤ ክራባት ሳያስር፣ ጺሙን ሳይላጭ። ሎሬን በዚህኛው ጊዜ አልነካካችውም።

«ጤናዎ እንዴት ነው ዊልፍ?»

«ምንም አልል።»

ነርሷ ወደ ሎሬን ዞረች። ሎሬን እጇን ጭኖቿ መሐል አስገብታ ወለሉን እያየች ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ሌሊት እንደማይተኛ፣ አልጋው ላይ ሁሉንም ነገር እንደሚያደርግ፣ እዚህም መጥታ ልታጥበው ስትል ሌባ መስላው እንደሚመታት ተናገረች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየች። የአንድ ግድግዳ ጎረቤቷ ነኝና አውቃታለሁ የምለው እኔ ያን የጠቆረ ክንድ አይቼው አላውቅም ነበር። ምግብ ትን እያለው ፊቱ የሚጠቁርበትን ጊዜ፣ የዓሣ ቢላውን አውጥቶ ያሳደዳትን ቀን፣ እሷም ጓዳ ገብታ በሩን ቆልፋ የተቀመጠችበትን ነገረቻት። በመጨረሻ «ሲያየኝ ልጁ መሆኔን አያውቅም» አለች። «ሁለት ዓመት ሆነው። ሰው ፊት ሲሆን ያውቀኛል ብዬ እዋሽለታለሁ።»

ዊልፍ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ጥንቅቅ ብሎ ሲያዳምጣት ቆየ። ከዚያ ጣት የጎደለ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ወደ ነርሷ ጠጋ አለ።

«ስሚኝ የኔ እመቤት፣ እቺን ልጅ አግዟት» አላት። «አባቷ ጨርሷታል እኮ። ክንዷን አየሽው? እንዲህ ያለ አባት!»

የብስኩቱን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ።

«እኔም ልጅ አለችኝ። ሎሬን ትባላለች። አንድም ቀን አማርራ አታውቅም፤ እኔም አስቸግሬያት አላውቅም።» ብስኩቱን ወደ ሎሬን ገፋላት። «ብዪ፣ አትፈሪ። መናገርሽ ደግ አደረግሽ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ ምን አባቴ ልደብቅ፣ አለቀስኩ። ሎሬን አላለቀሰችም። ብስኩቱን አንስታ በላችው፤ «አመሰግናለሁ» አለችው።

ውሳኔው የነርሷ ብቻ አይደለም፤ ቢሮ ያሉት ሰዎች የመጦሪያ ቤቱን መዝገብና የሐኪሙን ቃል ሁሉ አይተው ነው የሚወስኑት። ሳምንታት ወሰደባቸው። በመጨረሻ ሙሉውን የጤና አገልግሎቱ ይክፈል ተባለ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ያዩታል፤ ከዚያም በየዓመቱ። ሻል ካለው ክፍያው ይቀራል። ልጅ አባቷ እንዳይሻለው እየጸለየች የምትኖርበት ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ባገኘው የምለው ነበረኝ። ለጊዜው ግን ቤቱ ተርፏል። ሎሬን መጋረጃዋን ሰቅላ ትኖርበታለች፤ ፋብሪካውም ለግማሽ ቀን መልሶ ወስዷታል።

ከሥራ ስትወጣ ኮረብታውን ወጥታ ዊልፍን ታየዋለች። ልጁ መሆኗን እስካሁን አላወቀም። ያቺ አባቷ የከበዳት ሴት መሆኗን ግን አልረሳም፤ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ባለፈው እሑድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ገና ከበር ሲያያት ፊቱ በራ፤ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእጁ መታ መታ አደረገላት።

«መጣሽ? አባትሽ እንዴት ሆነ?»

ሎሬን ኮቷን እያወለቀች ተቀመጠች።

«ምንም አይል» አለችው።

ዊልፍ ትክ ብሎ አያት፤ እጇንም ያዘ።

«አይ የኔ ልጅ» አላት። «ምንም አይል ካልሽማ በጣም ጠንቶበታል ማለት ነው።»