ሦስት ጊዜ የቆመችው ፒካፕ

ትእዛዙ የደረሰኝ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በስልክ ነው። «ደጉ፣ ቤቱን እስከ ቅዳሜ ልቀቁ ተብለናል። ነገ በጠዋት መኪናህን ይዘህ ድረስልኝ» አሉ እትዬ ዘነበች። የመቶ አለቃችን ባለቤት ናቸው። እሱ ካረፈ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ዛሬም ሲያዙን «አቤት» እንላለን። ግዳጁ አጭር ነበር፤ ከካዛንቺስ ተነስቶ ሰንጋ ተራ፣ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ድረስ ዕቃ ማድረስ።

ልጆች፣ ስለ ጦር ሜዳ ንገረን ስትሉኝ ስንት ሰው እንደገደልኩ መስማት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። እኔ የስንቅ ሾፌር ነበርኩ። የማውቀው ጦርነት በአብዛኛው ከሞተር ጋር ነው። በጓዱ ዘጠኝ ሰው ነበርን። ሦስቱን ግንባር ላይ አጣናቸው። አራቱን ደግሞ ወደየቤታችን ከተመለስን በኋላ፣ ሞት አንዱን በስኳር፣ አንዱን በዕድሜ እያለ ወሰደብን። የቀረነው እኔና ጀማል ነን። ጀማል ያኔ መካኒካችን ነበር፤ አሁንም ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ትንሽ ጋራዥ አለው። የእኔን ንዴት የሚችል ሰው ከእሱ ሌላ የለም። ባለቤቴም ብትሆን የምትችለኝ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነው።

ፒካፗ ከአብዛኞቻችሁ በዕድሜ ትበልጣለች። የነዳጅ መለኪያዋ ከሞተ ስለቆየ ቤንዚኗን የምለካው በቀርከሃ ዘንግ ነው። የታንከሯ ክዳን ሲሰረቅብኝ ጀማል ከብረት አንድ ሠራልኝ፤ ዙሪያው በላስቲክ የተለበጠ፣ ቁልፍ ያለው፣ መሃሉ ላይ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያለችው። ያን ሰሞን ቤንዚን የሚገኘው በወረፋ ነበር። ግማሽ ቀን ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚን በዚያች ቀዳዳ እየተነነ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ከውስጥ በኩል በማስቲሽ ደፈንኳት። ለማንም አልነገርኩም። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጥቂት ትሄድና ቀጥ ትላለች። ጀማል ሁሉንም ፈትሾ፣ ባለፈው ሳምንት በሰጠሁት ገንዘብ ራሱ ገዝቶ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ገጠመላት። አሁን ድናለች ብለን ነበር።

አርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተንቀሳቀስን። እትዬ ዘነበች የግድግዳ ሰዓታቸውን ታቅፈው ጋቢና ከእኔ ጎን፣ ጀማል ከኋላ ከቡፌውና ከፍራሹ ጋር። እትዬ ዘነበች ከሰፈሩ እስክንወጣ ድረስ አንዴም ወደ ኋላ አላዩም።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ወደ መስቀል አደባባይ ስንወርድ ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ።

በእኛ ጓድ ደንብ መኪና ሲቆም መጀመሪያ ነዳጅ ይለካል፤ መሳደብ ከዚያ በኋላ ነው። ወርጄ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ዘንጉን ነከርኩ። አንድ ስንዝር ሙሉ ቤንዚን አለ። «እንግዲያው ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነው» አለ ጀማል። አሮጌውን ነቅሎ አዲስ ገጠመ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። «አላልኩህም?» አለኝ። ተጓዝን።

ሦስት ሰዓት ከሩብ። ለገሃር። ቆመች። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ለካሁ፤ ቤንዚን አለ። ጀማል የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ በአፉ እፍ አለበት፣ ቤንዚን ጠጣ፣ ተፋ። ካርቡራተሩን ፈትቶ አጸዳ፣ መልሶ ገጠመ። ተነሳች። «አሁን በቃ፣ ጨርሰናል» አለ። ከኋላችን የነበረው የአውቶቡስ ሾፌር በጡሩምባው የሚለውን ሁሉ አለን።

አራት ሰዓት ከሩብ። ሜክሲኮ። አሁን የቆመችበት ቦታ ጠላት የመረጠላት ይመስላል፤ ልክ ታክሲዎቹ የሚጭኑበት አፍ ላይ። ተራ አስከባሪው ኮፋኖዋን በመዳፉ እየደበደበ «ፋዘር፣ አንሷት እንጂ! ሙዚየም ነው እንዴ?» ይለኛል። ተሰላፊው ይስቃል። ፀሐዩ ከሯል። ያን ጊዜ ደንቡን ረሳሁት። ነዳጅ ሳልለካ ቁልፉን እያዞርኩ ሞተሪኖውን ደጋግሜ አስጮህኩት። እምቢ አለች። ጀማል ኮፋኖውን ከፍቶ ብዙ ካጎነበሰ በኋላ ቀና አለና «ፓምፑ ቤንዚን እየሳበ አይደለም» አለኝ።

ፓምፑ! ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው!

«አዲስ ነው ብለህ አሮጌ ነዋ የገጠምክብኝ!»

«ደጉ፣ ተው።»

«ምኑን ነው የምተወው? ሌባ!»

ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አየን። ጀማል እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ወደ ቂርቆስ በእግሩ ሄደ። ተኩስ እየወረደብን ከመኪናዬ ሥር ተኝቶ ቡሎን ያጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ጥሎኝ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሞተሪኖው እየደከመ መጣ። ምን እንደምሠራ ግራ ሲገባኝ እጄ የለመደውን ልሥራ ብዬ ዘንጉን ይዤ ወደ ታንከሩ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ወርደው አጠገቤ ቆመዋል። ክዳኑን ስፈታው «ፍስስ» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«ምንም አይደል፣ እትዬ።»

«እንዴት ምንም አይደል? አየር ሳበ እኮ! የዘይት ቆርቆሮ በአንድ በኩል ብቻ ብትበሳው ይወርድልሃል? በወዲያኛውም በኩል ካልበሳህለት ጠብ አይልም። የዚህኛው መተንፈሻ የት አለ?»

ክዳኑን ገለበጥኩት። ማስቲሼ ቀዳዳዋን እንደደፈነ አለ።

ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ማንም ምንም አልነካትም፤ የተነካው ክዳኑ ብቻ ነው። ለካ ቅድምም ያስነሳት ፊልትሮው አልነበረም፤ እኔ ልለካ ስከፍት የገባው አየር ነው። ባለፈው ሳምንትም እንደዚያው። ስከፍተው ትድናለች፣ ስቆልፈው ቤንዚኑ መውረድ ያቅተዋል፣ ምስጋናውንና ስድቡን ጀማል ይቀበላል። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ሂድና ይቅርታ ጠይቀው» አሉ እትዬ ዘነበች። «መጀመሪያ ግን ዕቃዬን አድርስ።»

ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ አንድም ጊዜ ሳንቆም ሰንጋ ተራ ደረስን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋራዡ ሄድኩ። ጀማል ከጁምዓ ተመልሶ ሥራ ላይ ነበር። ክዳኑን ሰጠሁት። ገልብጦ ማስቲሹን አየና ሳላስረዳው ገባው። በቀጭን ሽቦ ወጋው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ በቀዳዳዋ አየ፣ መለሰልኝ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«ክዳኑስ እሺ» አለ። «ሌባ ያልከኝ ግን እዚህ አይደለም። ሜክሲኮ ነው።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሁለታችንም እዚያው ቦታ ነበርን። ተራ አስከባሪውም ያው ነው። ከመኪናዬ ወርጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ትናንት እዚህ ቦታ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ሌባ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«የቱን ሰውዬ?» አለ ተራ አስከባሪው። «በቃ ፋዘር፣ ይቅር ብለናል፤ አሁን ቦታውን ልቀቁልን!»

ከተሰላፊው ማንም ትዝ ያለው የለም። እንደ ትናንቱ እንኳ የሳቀ አልነበረም። ጀማል ግን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋ።

«መኪና ቆሟል» አለኝ። «ነዳጅ ለካህ?»

«አልለካሁም።»

«ለካ እንጂ!»

ተራ አስከባሪው እየጮኸብን ክዳኑን ከፍቼ ለካሁ።

የዘመቻው ጉዳት ይኸው ነው። አንድ ፓምፕና አንድ ፊልትሮ ያለ ጥፋታቸው ተነቅለው ተጥለዋል። የእትዬ ዘነበች ሁለት ሸክላ ድስት መንገድ ላይ ተሰብሯል። ከሰው፣ ከዘጠኛችን ሰባቱ ከዚያ በፊት ሄደዋል፤ ለእነሱ ማድረግ የምችለው አልነበረም። ስምንተኛውን ግን በገዛ አፌ ልቀብረው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ዛሬም ስቆጥር ሁለት ነን።