ፍንጭትና ጆሮ

አባቴ ሁለት ነገር ነበረው፦ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የፊት ጥርስ ፍንጭትና በአርባዎቹ ዕድሜው የደከመ ጆሮ። እናቴ ሁለቱም አልነበሯትም። ስምንት ልጆች ወለዱ። ለባዮሎጂ አስተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል? የዘር ውርስን ለማሳየት አተር መዝራት እንኳ አላስፈለገኝም።

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ቤተሰቤን ዘረገፍኩት። የሁለቱ ጠባዮች ጂኖች በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ቢሆኑ፣ አራት ዓይነት ልጆች ከሞላ ጎደል እኩል እኩል ይወጣሉ። አንድ ክሮሞዞም ላይ ተጎራብተው ከሆነ ግን ልጆቹ ወይ አባታቸውን ወይ እናታቸውን ይወጣሉ፤ ቅልቅሉ ብርቅ ነው። ከእኛ ቤት ፍንጭት ያላቸው ሦስት ታላላቆቼ ጆሯቸው ደክሟል። ጥርሳቸው የገጠመ አራቱ የጎረቤት ሹክሹክታ ሳይቀር ይሰማሉ። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ ፍንጭቱን ወስጄ የጆሮውን ጣጣ ለአባቴ የተውኩ፣ አርባ ሰባት ዓመት የሞላኝ ቅልቅል። ከአባቴ ስም ሥር ሦስት፣ ከእናቴ ስም ሥር አራት፣ ለብቻዋ ደግሞ አንድ ጻፍኩ፦ ሰባት ለአንድ። ስምንት ልጅ ለማስረጃ ጥቂት መሆኑን ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ጻፍኩ።

ኩራቴ ለሳይንስ ብቻ አልነበረም። ልጄ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ ፍንጭቷ የእኔ ነው። እኔ ላይ ሁለቱ ጂኖች ተላቅቀው ከሆነ፣ እሷም ተርፋለች ማለት ነው። የፊት ጥርሶቿ ከበቀሉ ጀምሮ ስፈራ የኖርኩት የአባቴን ጆሮ አብራ እንዳትወርስ ነበር።

ጆሮዬማ ምን ሆኖ! እንዲያውም ሰፈሬ መካኒሳ አቦ ሰሞኑን ጨዋ ሆኗል። ከጀርባችን ያለው የጸሎት ቤት ድምፅ ማጉያውን ቀንሷል፤ የታክሲ ረዳቶችም እንደ ሰው ማውራት ጀምረዋል። ጎረቤቶቼን ስለ ጸጥታው ባመሰግናቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ክፍሉ ጭጭ አለ። ሃምሳ ጎረምሳና ኮረዳ ትንፍሽ የለም! በማስረዳት ችሎታዬ ረካሁ። ያኔ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ልጄ ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ "ቲቸር" ነበር የምትለኝ።

"እማዬ፣ ደውሉ ከተደወለ ቆየ እኮ። ሁለቴ ጠራሁሽ።"

ዞር ስል ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ሸክፈው፣ እስካሰናብታቸው እየጠበቁ በትዕግሥት ያዩኛል።

"ውጡ" አልኳቸው።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን እኔን የምትወክለውን አንድ በመዳፌ አጠፋኋት፤ ከአባቴ ስም ሥር ያለውን ሦስትም አራት አደረግኩት። ስምንት ለዜሮ። ልጄ በቁጥር ከእኔ ትፈጥናለች። ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ፍንጭቷ ላይ ከንፈሯን ገጠመች።