ደሴ ወይስ ደሴት፦ ስለ ካፒቴን እንድሪስ

መርሳ ላይ ቁርስ የበላችሁ ሁሉ፣ ሹፌሮችም፣ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሠራተኞችም፣ ከሐራ ገበያ ስትመለሱ ጎራ ትሉ የነበራችሁም፣ መርዶዬን ስሙኝ። ባለ ፉል ቤቱ ካፒቴን እንድሪስ የሉም። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ በስኳር በሽታ አርፈው ተቀብረዋል። ቀብራቸው ላይ የቆመው ጥቂት ጎረቤት ነው። ለቅሶ መድረስ የሚገባው ሰው ወሬውንም ሳይሰማ ከረመ። እኔ ፋጡማ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እንዳወራሁት ነው የተጻፈልኝ። ስህተት ካገኛችሁ የጻፈውን ውቀሱ።

ካፒቴን ስላቸው የእውነት ካፒቴን እንዳይመስሏችሁ። በጉብዝናቸው ጊዜ አሰብ ወርደው መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሠርተዋል። ዓለምን የዞሩት ሽንኩርት እየላጡ ነው። «ካፒቴን» ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ለማሾፍ። ከተማው አምኖ ተቀበለው፤ እሳቸውም ወደውት ዝም አሉ።

ባቄላ ሲለቅሙ ብታዩአቸው ቀጠሮ ያለው ሰው አይመስሉም። ተጎንብሰው አንድ በአንድ ነው። ነቀዝ የነካት ፍሬ ካገኙ «አንቺማ ከመርከቤ ውረጂ» ብለው ይወረውሯታል። ጦርነቱ መጥቶ ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ ሌላው ሱቁን ቆልፎ ተደበቀ። እሳቸው የቀረቻቸውን ባቄላ በትልቁ ድስት እየቀቀሉ ለሰፈሩ አደሉ። ዘይት የለው፣ ቃሪያ የለው።

«ምነው፣ ጨው እንኳ?» ስላቸው፣ «የታመመ መንገደኛ አለ፤ ጨው አይስማማውም» ይሉኛል። ጨው ከከተማው እንደጠፋ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

መውጫ አልነበረንም። በወልድያ በኩል መድፍ፣ በደሴ በኩል መድፍ። አውቶቡስ የለም፤ ባጃጁ ነዳጅ አጥቶ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። በር ዘግቶ መቀመጥ፣ ከፍቶ ማየት፣ ደግሞ መዝጋት። ልጆቼ ወልድያ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። ቤቱስ ሰፊ ነው፤ የጠበበኝ ደረቴ ነው።

ከአስር ሶላት በኋላ ጎረቤቶቹ በፉል ቤቱ ጓሮ፣ ማንጎዋ ስር እንሰበሰባለን። አንድ ቀን ካፒቴን እንዲህ አሉ፦ «ይህ ነገር ሲያልፍ ደሴት እንሄዳለን። ዝግጅቱን ከዛሬ እንጀምር።»

«ደሴ ለመሄድ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል? ነጠላዬን ጣል አድርጌ ነው የምሄደው» አልኳቸው።

«ደሴ አይደለም አንቺ! ደሴት! ዛንዚባር! ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት!»

«ታዲያ እኛስ ደሴት አይደለንም እንዴ? የከበበን ጠመንጃ ሆነ እንጂ።»

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ሞቃት ነው» አሉ፤ «ማንጎው፣ ፓፓያው መንገድ ላይ ይወድቃል።»

«አንቱ የሚነግሩን መርሳን ነው። ለመርሳ ብለን ነው ባህር የምንሻገረው?»

«መርሳ ዛፉ ቅርንፉድ ይሸታል?»

እዚህ ላይ ረቱኝ።

ዕቅዳቸው ግን የቀልድ አልነበረም። የሚኬደው የዚያ አገር ዝናብ ካቆመ በኋላ ነው። ጋቢ አይያዝም፤ ስስ ልብስ፣ ግን የሚሸፍን፤ የእስልምና አገር ስለሆነ ሰዉን ማክበር ነው። ማረፊያችን ትልቅ ሆቴል ሳይሆን ባህሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ቤት ናት፤ ባለቤቷ ራሷ የምታበስል። አንድ ቀን የቅመም እርሻ፣ አንድ ቀን ጀልባ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ምንም። «ጉዞ የሚያበላሸው ሁሉን ካላየሁ የሚል ሰው ነው» ይሉ ነበር። ባህሩ ሸሽቶ ይሄዳል፣ ደግሞ ተመልሶ ይሞላል፤ ሰዓቱን ያልጠየቀ ሰው ጫማው ይወሰድበታል። ለሁላችንም ሥራ ደለደሉልን። ለእኔ ከጀልባ ነጂው ጋር መከራከር ደረሰኝ፤ ዕውቀቴን አይተው ነው።

ሚስታቸው መዲና ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። እሷም እዚያው ማንጎ ስር ፍራሽ ተነጥፎላት ትሰማለች። ደሴቱንማ ቃል የገቡት ለእሷ ነበር፣ ገና ሲያገቧት። «መዲናን እኔ አዝላታለሁ» አሉ።

«አንቱንስ ማን ሊያዝልዎት?» አልኳቸው።

ሳቅንበት፤ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የስኳር መርፌያቸው እያለቀ ነበር። መብራት ስለሌለ መድኃኒቱን እንስራ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጠው፣ የአንዱን ቀን ለሁለት ቀን ይወጉ ነበር። እግራቸው አብጧል። እኔ ምን ላድርግ፣ አሾፋለሁ። «ስኳር ከከተማው ጠፍቶ በአንቱ ደም ውስጥ ተገኘ፤ ለሻይ ትንሽ ይቅዱልኝ» እላቸዋለሁ። መድኃኒቱ ወልድያ ከጠፋ ቆየ። ያለው ደሴ ነው።

አሊ የሚባል የሐብሩ በግ ነጋዴ አለ፤ በተራራው ዞሮ ሰው ያወጣል ይባላል። አንድ ቀን በጓሮዬ ገባና «ነገ ጎህ ሲቀድ ለደሴ እንነሳለን። ያለችኝ አንድ በቅሎ ናት፤ ለእንድሪስ ይዣታለሁ። ወንዙ ጋ እንጠብቃለን፤ ንገሪያቸው» አለኝ።

ሮጥኩ። ፉል ቤት ስገባ ሁለት ታጣቂዎች ቁጭ ብለው ይበላሉ። እንዴት ልናገር? ጨዋታችን ትዝ አለኝ። ጮክ ብዬ፣ እየሳቅሁ፣ «ካፒቴን! የደሴ መርከብ ነገ ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ትነሳለች አሉ። ለአንቱ አንድ ወንበር ተይዞልዎታል!» አልኳቸው። ጥቅሻም ጨምሬያለሁ።

እሳቸው ድስቱን እያማሰሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ባህሩ ሞልቷል በያቸው» አሉኝ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ታጣቂዎቹም ሳቁ። እኔ በብልጠቴ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ መዲና ብቻዋን ሆናለች ብዬ ሄድኩ። ካፒቴን ደጃፍ ላይ ባቄላ ይለቅማሉ።

«ምነው ቀሩ?» አልኳቸው።

«ከምን?»

«ከደሴ ነዋ! አሊ በቅሎ ይዞ ጠበቀዎት እኮ!»

መዲና ከአልጋዋ አንገቷን ቀና አደረገች። እሳቸው እጃቸው ባቄላው ላይ ቆመ። «ደሴት መስሎኝ፤ እንደ ልማድሽ የምትቀልጂ መስሎኝ» አሉ።

አሊ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ጭራሽ ጠፋ፤ ደሴም እንደኛው ሆነች። እኔ አፌን ዘጋሁ። ማንጎዋ ስር ዕቅዱ ቢቀጥልም እኔ ቀልድ አልጨምርም። አንዲት ፊደል ሰው ትገድላለች? እኔ የማላውቃት ፊደል! በግልጽ ጆሯቸው ስር ሄጄ ሹክ ብል ምን ነበረበት? እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር መድኃኒቱ አለቀ።

አንድ ከሰዓት መዲና እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ወደ አልጋቸው ጠሩኝ። ድምፃቸው ደክሟል። «ፋጡማ፣ ማሾፍ ለምን ተውሽ?»

«ይቺ አፌ ናት የገደለችዎት» አልኳቸው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

«ያን ቀን ሰምቼሻለሁ። ‹ት› እንዳልነበራት ሰምቻለሁ። አንድ ወንበር አላልሽም? መዲናን ለማን ጥዬ ልሂድ?»

«ታዲያ ጠዋት ደሴት መስሎኝ ያሉኝስ?»

«እሷ እየሰማች ምን ልበል? በእኔ ምክንያት ቀረ እያለች ትኑር?»

በሦስተኛው ቀን አረፉ።

መዲናን ከአርባቸው በኋላ ጠየቅኋት፤ መደበቅ አልቻልኩም። «እውነት ሰምተው ነው የቀሩት? ወይስ ሳይሰሙ ቀርተው እኔን ለማጽናናት ነው?» «እሱ ሁለቱንም ያደርጋል» አለችኝ።

እንግዲህ ካፒቴን፣ መንገዱ ተከፍቷል። ሹፌሮቹ መኪና እያቆሙ «ካፒቴን የት ሄዱ?» ይሉኛል፤ አፌ ላይ ቀልድ ይመጣና ወደ ውስጥ ይመለሳል። መዲና ደህና ናት፤ እኔ ጋ ናት፤ ታስቸግረኛለች፣ እኔም አስቸግራታለሁ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፤ እዚህ ጠቦብዎት ነው የሄዱት። ከእንግዲህ ማንም በር አይዝጋብዎት። የነገሩኝ እውነት ከሆነ፣ አንቱ አፉ ብለውኛል። ለእኔ አዝነው የዋሹኝ ከሆነም፣ እኔ አፉ ብያለሁ። ደህና ይሁኑ፣ ወንድሜ።