ፍሪጅ እያለኝ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የድሬዳዋ ሙቀት ቤት አላስቀምጥ በሚልበት በግንቦት ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ፍሪጄ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ትዝ እያለችኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ሚስቴ አርፋለች፤ ልጆቼ ሥራ ይዘው በየከተማው ተበትነዋል። የቀረኝ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ነው። በግቢያችን ፍሪጅ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጎረቤቱ ሁሉ ውሃውን በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላ እኔ ዘንድ ያስቀምጥ ነበር። እንዳይቀያየርባቸው ጠርሙሱ አንገት ላይ ክር ያስራሉ፤ ግድግዳ የምንጋራት የፈቲያ ቀይ፣ የባጃጅ ነጂው አረንጓዴ። ከሰዓት በኋላ በሬ አያርፍም። አንዱ ወጣ ሲል ሌላው ይገባል። እኔም "ቤቴን መናኸሪያ አደረጋችሁት" እያልኩ አጉረመርም ነበር።

ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ኢንሱሊኔም የሚቀመጠው እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነው። በዚያ ግንቦት የታችኛው መደርደሪያ መሞቅ ጀመረ። ላይኛው ክፍል ግን በበረዶ ጢም ብሏል። ይህን ሁሉ በረዶ እየሠራ እንዴት ተበላሸ ይባላል ብዬ ተዘናጋሁ። መድኃኒቱን በእጄ ይዤ ሙቀቱ ሲሰማኝ ነው የደነገጥኩት።

ኤልያስ የሚባል የፍሪጅ ጠጋኝ ጠራሁ። በረዶውን በቢላ ልፈልጥ ስል እጄን ያዘኝ። ብርዱን የሚሰጠው ከበረዶው ሥር ያለው ቱቦ እንደሆነ፣ እሱ ከተበሳ ጋዙ እንደሚያመልጥ ነገረኝ።

"ይሄ በረዶ ለቱቦው ጋቢ ሆኖታል" አለኝ። "ብርዱን አፍኖ ይዞት ወደ ታች አያወርደውም።"

በረዶውን ያመጣው በየደቂቃው የሚከፈተው በርና እርጥብ እንደሆነ የሚገባው ሙቅ ጠርሙስ ነው። ወይ የጎረቤት ውሃ፣ ወይ የእኔ መድኃኒት ሆነ ነገሩ።

ፍሪጁን ከኤሌክትሪክ ነቅለን፣ በሩን ከፍተን በረዶውን አቀለጥነው። የሞቀውን መድኃኒት ጥዬ አዲስ ገዛሁ፤ ጠርሙሶቹን ለየባለቤቶቻቸው መለስኩ። ማንም አልተቀየመኝም።

"አቦ አባባ፣ መድኃኒትህ ይቅደም" አለችኝ ፈቲያ። ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ ሽማግሌውም "አንተ" ነው።

ፍሪጁ እንደ አዲስ ሆነ። በሬን የሚያንኳኳ ግን ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ፈቲያ ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ ፍሪጅ ገዛች፤ ጠርሙሱም ሰዉም ወደ እሷ ዞረ። ከሰዓት በኋላ ሳቃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አንድ ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን በዛ። በሬዲዮ ዜና አንባቢው "እንደምን ዋላችሁ" ሲል "እግዜር ይመስገን" ብዬ መመለስ ጀመርኩ። ያኔ ለራሴ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ ፈለግሁና ከቧንቧ ሞልቼ ፈቲያ በር ላይ ቆምኩ። እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አየሁ።

"ይህቺን አስቀምጪልኝ" አልኳት።

የእኔ ፍሪጅ ደህና መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች። ከመጋረጃዋ ጫፍ ነጭ ክር መዝዛ አንገቱ ላይ አሰረችለት።

"ያንተ ነጭ ነው። እስኪበርድ ቁጭ በል" አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ውሃው እስኪበርድ ብዙ ይቆያል።

አሁን እዚያ ሥራ አለኝ። የእሷም ፍሪጅ በረዶ እንዳይጋግር የሰዉን ጠርሙስ አንድ በአንድ በጨርቅ እያደረቅሁ የማስገባው እኔ ነኝ። በሩን ከፍቶ የሚያወራ ካለም እቆጣለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ዝምታው ያው ነው፤ አልዋሽም፣ ይከብደኛል። ፍሪጄ ከእሷ ፍሪጅ የበለጠ ያቀዘቅዛል። ውሃ የምጠጣው ግን እሷ ዘንድ ነው።