ቅንጭ አረም በበላይነሽ ጓሮ

በላይነሽ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ባለ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሥራና ከቤቷ ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ ነው።

ጓሮው ውስጥ ሦስት ፓፓያ፣ አንድ ሎሚ፣ ቃሪያና በሶብላ ተክላለች። ቀሪው ወፍ ዘራሽ ነው። አጥሩ ሥር ማንም ያልተከለው ቁርቁራ አድጎ ልጆቿ ፍሬውን ይለቅማሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አሉማ በየቦታው ብቅ ብቅ ይላል። ያየው ሁሉ "ይኼን አረም ለምን አትነቅይውም?" ይላታል። እሷ ግን አሉማን አረም ብላው አታውቅም። ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ገበያ ላይ ጎመን ሲጠፋ፣ ቅጠሉን ቀቅላ ልጆቿን አብልታበታለች።

በ1993 ዓ.ም. ክረምት ከአሉማው መሐል የማታውቀው ቅጠል በቀለ። በአንድ ወር ውስጥ ከጉልበቷ ደረሰ፤ ደቃቅ ነጭ አበባም አወጣ። ቃሪያዋ ቀጨጨ። በእጇ ስትነቅለው ክንዷን እያሳከካት ሽፍ አለባት። የግብርና ባለሙያው ሳሙኤል ለምሳ ወደ ምግብ ቤቱ ሲመጣ አንዱን ይዛ አሳየችው።

"እትዬ በላይነሽ፣ ይኼ ቅንጭ አረም ነው" አላት። "በጀውሃ በኩል የማሽላውን ማሳ ወርሶታል። ሳያብብ ካልነቀሉት ዘሩን ለነፋስ ይሰጠዋል። በባዶ እጅዎም አይንኩት።"

እጇን በፌስታል ጠቅልላ አንድም ሳታስቀር ነቀለች፤ አድርቃም አቃጠለችው። በሁለት ሳምንቱ እንደገና በቀለ። በአጥሩ ቀዳዳ አሻግራ ብታይ የጎረቤቷ የጋሼ ወርቁ ግቢ በነጭ አበባ ተሸፍኗል። ጋሼ ወርቁ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ የአንዲት ላማቸውን ወተት በላይነሽ ለምትሠራበት ምግብ ቤት ያቀርባሉ።

"ጋሼ፣ አረሙ ከአንቱ ግቢ እየመጣብኝ ነው" አለቻቸው። "ይፍቀዱልኝና እኔው ልንቀለው።"

"ግቢውን ማጽዳት ያቃተው ልታሰኚኝ ነው?" ብለው ተቆጡ። "የራስሽን ጓሮ ጠብቂ!" በሩንም ዘጉባት።

በላይነሽን ንዴት አስለቀሳት። ግን አልተወችውም። በማግሥቱ ከሥራ በፊት ማልዳ ወጥታ፣ ከአጥራቸው ውጭ ያለውንና መንገዱን የያዘውን መንቀል ጀመረች። አላፊ አግዳሚው "የመንገድ አራሚ" እያለ ሳቀባት። ትልቋ ልጇ ቤዛዊት አንድ ቀን እጇን አይታ ደነገጠች።

"እማዬ፣ እጅሽ እኮ ቆሰለ። በቃ ተይው!"

"ከተውኩት ጓሮው የአረሙ ይሆናል" አለችና የተቀደደውን ፌስታል በአዲስ ቀየረች።

መስከረም ላይ ምግብ ቤቱ ውስጥ ደንበኞች የወተት ሻይ እየመለሱ አስቸገሩ። በላይነሽ ወተቱን ቀመሰችው፤ እሬት እሬት ይላል። ጋሼ ወርቁ ጣሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ የምግብ ቤቱ ባለቤት ከነገ ጀምሮ ወተት እንዳያመጡ ነገራቸው። ሽማግሌው ባዶ ጣሳቸውን ይዘው ወጡ። በላይነሽ ተከትላቸው ወጣች።

"ጋሼ፣ ላሟ ያንን አረም ትበላለች?"

"ሣር የታለ? ያገኘችውን ትበላለች።"

"እንግዲያው ወተቱን ያመረረው እሱ ነው።"

ጋሼ ወርቁ ጣሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ ማለዳ ግን በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የድሮ የሥራ ጓንታቸውን አጥልቀው ቆመዋል፤ ሌላ ጥንድ ዘረጉላት።

"በየት በኩል እንጀምር?" አሏት።

"አበባ ከያዘው" አለች።

ግቢውን ለማጽዳት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ላሟን በገለባ አቆዩዋት፤ ወተቷም እየቆየ ጣዕሙ ተመለሰ። በሚቀጥለው ክረምት አረሙ ዳግመኛ ሲበቅል ጋሼ ወርቁ ራሳቸው የየጎረቤቱን በር አንኳኩ። ከሰባት ቤት ሰው ለነቀላ ወጣ። በላይነሽ ከፊት ሆና የትኛው እንደሚነቀል፣ የትኛው አሉማ ስለሆነ እንደሚተው ታሳይ ነበር።

አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ ቀና አለችና "እትዬ በላይነሽ፣ ይኼ ነገር መቼም የሚያልቅ ይመስልዎታል?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔ እንጃ" አለች በላይነሽ ጎንበስ እንዳለች። "ዘንድሮ ግን አያብብም።"