የሚሞቀው ጎታ

ጎረምሳ ሁሉ ለጦር ሜዳ ይታፈስ በነበረበት ዘመን ንፋስ መውጫ አስተምር ነበር። የዚያን አገር ብርድ ቆርቆሮ ቤት ያደረ ያውቀዋል። ቤት ገዢ ስፋቱን ትቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማገዶ ይፈጅ እንደሆነ ነው። እኔም እማማ የሻረግ የሚባሉ ባልቴት ወፍራም የድንጋይ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁና ላየው ቀጠሮ ይዤ ከቀኑ ቀድሜ ሄድኩ።

ምድጃው በርዷል፤ ቤቱ ግን ሞቅ ያለ ነው። ደስ ብሎኝ ግድግዳውን በመዳፌ እየዳበስኩ ጓዳ ደረስኩ። እዚያ የቆመውን ትልቅ የጭቃ ጎታ ስነካው ይሞቃል።

“እማማ፣ እህሉ እርጥብ ሳለ ገብቶ ታፍኗል። ሳይበሰብስብዎት ወጥቶ ይሰጣ” አልኳቸው።

“ደረቅ ገብስ ነው፤ ተወው ልጄ።”

ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰው መርዳቴ ነውና ክዳኑን ያዝኩ። እጄ ላይ ተጠመጠሙ።

“ስለ ማርያም ብለህ ተወው! የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።”

አሳዘኑኝ። የክረምት ቀለባቸው ሊበላሽ ነው ብዬ፣ “ለዚህ እኮ ነው የምልዎት፣ ዛሬውኑ ካልተከፈተ...” ስል፣ ገብሱ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ።